ለሰውየው የተሰጠው ኮት

የእራት መርከቧ መግቢያ ላይ በተሰቀለው ፖስተር ላይ ሽማግሌው እስከ ዛሬ አለ። ቡናማ የሱፍ ኮት ለብሶ፣ አንገቱን ወደ ፊት አስግጎ፣ አንድ እጁን የማያውቀው ሰው ኮሌታ ላይ ጭኖ ቆሟል። ፀሐይና የባሕር ንፋስ ፊቱን አደብዝዘውታል። ለዕረፍት የሚመጡ ሰዎች መሰላሉን ሲወጡ በጣታቸው እየጠቆሙ «ዛሬ ሽማግሌው አለ?» ይላሉ። ትኬት ቆራጩም «ጡረታ ወጥቷል» ይላቸዋል። ቀልድ ይመስላቸውና እየሳቁ ወደ ጠረጴዛቸው ይሄዳሉ።

የምነግራችሁ ሽማግሌውን ሆኖ ይጫወት ስለነበረው ሰውዬ ነው። መርከቧ ላይ ሁሉም «አጫዋቹ» ይለው ስለነበር እኔም እንደዚያው ልበለው። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ልትሰድቡት ስለምትችሉ ነው። ብትሰድቡትም አልፈርድባችሁም፤ እኔም በበኩሌ ሰድቤዋለሁ።

አጫዋቹ ያደገው ስፌት መኪና ሥር ነው። አባቱ ልብስ ሰፊ ነበሩ። የቤታቸው የፊት ክፍል ሱቅ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲያ መኝታና ማዕድ ቤት አንድ ላይ ነው። ልጁ የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ተኝቶ፣ የመኪናውን ኳኳታ እየሰማ ነው ነፍስ ያወቀው። ደንበኛ ልብሱ ሳይደርስለት ቀርቶ ሊቆጣ ሲል አባቱ ስፒሎቹን ከከንፈራቸው ሳያወጡ በአፋቸው ጥግ «እስቲ አንተ፣ የፖስታ ቤቱ ሰውዬ እንዴት ነው የሚሄደው?» ይሉታል። ልጁ ከመኪናው ሥር ብቅ ይልና ሱሪው የጠበበውን የፖስታ ቤት ሰውዬ ቁጭ ራሱን ይሆናል። ደንበኛው ንዴቱን ረስቶ ይስቃል፣ አባቱም በዚያች ፋታ ቁልፉን ተክለው ይጨርሳሉ። እንግዲህ ሙያውን የጀመረው አባቱን ለማገዝ ነበር ማለት ነው። ይቺን ያዙልኝ።

አባቱ አንድ ነገር ብቻ ይከለክሉት ነበር። አንድ ቀን ልጁ የምታነክስ ደንበኛ እንደወጣች አካሄዷን ሲያስመስል አዩና ሥራቸውን አቁመው ጠሩት። «በቀሚሷ ሳቅ፤ ቀሚስ ይስተካከላል። በእሷ ግን አትሳቅ፤ እሷን ማን ያስተካክላታል?» አሉት። አልመቱትም፣ አልጮኹበትም። ልጁ ግን ጆሮው እስኪቀላ አፈረ፤ ሴትየዋ ቀሚሷን ልትወስድ ስትመጣም መጋረጃው ኋላ ተደበቀ።

ካደገ በኋላ ስፌቱ አልሆነለትም። ቀጥ ያለ መስመር መስፋት የማይችል እጅ ነበረው። በምላሱ ግን ማን ይችለዋል? ሠርግ ላይ ማይክ ያዘ፣ ከዚያ ሆቴል ቤት፣ ከዚያ ደግሞ እንግዶችን ፀሐይ ስትጠልቅ ከወደቡ አሳፍራ፣ ባሕሩ ላይ እያዞረች እራት የምታበላው መርከብ ላይ ተቀጠረ። እንግዶቹ ሾርባቸውን እየጠጡ፣ ዓሣቸውን እየበሉ ሙዚቃ ይሰማሉ። ሙዚቀኞቹ ሲያርፉ እሱ ይወጣና ያስቃቸዋል። ያስቃቸዋል ስል፣ መጀመሪያ ላይ የሚስቅለት አልነበረም። ባሕር ላይ ሳያስቁ ቀርቶ ሹልክ ብሎ መውጫ የለም፤ መርከቧ ዞራ እስክትመለስ ካላሳቋቸው ሰዎች ጋር ማምሸት ነው።

አንድ ምሽት ቀልዱ ሁሉ ከሸፈበት። ከመድረኩ ወርዶ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ወፍራም እንግዳ ኮሌታ ያዘና፣ ከየት እንደመጣበት እንጃ፣ በአፉ ጥግ እንዲህ አለ፦

«ይኼን ማነው የሰፋብህ? ጠላት አለህ እንዴ?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ንግግሩ የአባቱ ነበር። አባቱ ሰው ሰላም ሲሉ እጃቸው መጀመሪያ የሚሄደው ልብሱ ላይ ነው፤ ኮሌታውን ይዳስሳሉ፣ ስፌቱን ይከተላሉ፣ ከዚያ ይችኑ ይጠይቃሉ። አጫዋቹ በዚያ ምሽት አንገቱን አሰገገ፣ እጁን እንደ እሳቸው አንቀጠቀጠ፣ ስም ሲጠፋቸው «እንትን፣ እንትን» የሚሉትንም ጨመረበት። እንግዶቹ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። የመርከቧ ሥራ አስኪያጅ በሩ ጋ ቆማ ታጨበጭብ ነበር።

እንዲህ ሆኖ ሽማግሌው ተወለደ። ኋላም ፖስተሩ ተሠራ። ሰዎች በዓመቱ ዘመዶቻቸውን ይዘው እሱን ሊያዩ ይመጡ ጀመር።

አሁን ወደ ኮቱ ልምጣ፤ ምክንያቱም የሚያሳፍረው እዚህ ላይ ነው።

አጫዋቹ ለሽማግሌው ከሰልባጅ ተራ ኮት ገዛለት። አልሆነም፤ ትከሻው ላይ አልወድቅ አለ። የሚፈልገውን ኮት ያውቀዋል። አባቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ለሰው ሲሰፉ ኖረው ለራሳቸው የሰፉት ልብስ አንድ ብቻ ነው፤ ለዚሁ ልጃቸው ሠርግ የለበሱት ቡናማ የሱፍ ኮት። ገበሩ ድርብ ነው፤ የእጅጌው ጫፍ በመኪና ሳይሆን በእጅ የተሰፋ ነው፤ በውስጥ በኩል ለልብስ ሰፊ ጠመኔ የተሠራች ትንሽ ኪስ አለችው። ያቺን ኮት ካልለበስኩ ሽማግሌው አይሟላም አለ። የሙያ ስስት ልትሉት ትችላላችሁ። እኔ ዓይንን በጨው መታጠብ እለዋለሁ።

እንዴት እንደወሰዳት ስሙ። አባቱ በዚያ ጊዜ ሥራ አቁመዋል፤ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቅቷቸዋል። ክሊኒክ ውስጥ ከምትሠራው ሴት ልጃቸው፣ ከአጫዋቹ ታናሽ እህት ጋር በዚያው በድሮው ቤት ይኖራሉ። አጫዋቹ ሊጠይቃቸው ሄደና «አባባ፣ ወደቡ ጋ አንድ ጧሪ የሌለው ሽማግሌ አለ። ማታ ማታ በባሕሩ ንፋስ ይንቀጠቀጣል። ያቺን ኮትዎን ብሰጠው?» አላቸው።

አባቱ ተነሥተው በዳበሳ ቁም ሣጥኑን ከፈቱና ኮቷን አወጡ። ቁልፎቿን አንድ በአንድ ነካኩ፤ አንዷ ላልታ ኖሮ ልጃቸውን ክር እንዲያስገባ አዘው አጠበቋት። «ሲሰጡ የተበላሸ አይሰጥም» አሉ። ኮቷን ሰጡት።

አጫዋቹ በመንገድ ላይ ልቡ አልቆረቆረውም ብል እዋሻለሁ። ቆርቁሮታል። ማታ ግን ለብሷት ወጣ፤ ሳቁም እጥፍ ሆነለት፤ የቆረቆረውን ሳቁ ውስጥ ረሳው።

እሱ ቢረሳም አባቱ አልረሱም። በሄደ ቁጥር «ያ ሰውዬ እንዴት ነው?» ይሉታል።

«ደህና ነው አባባ። እጅግ አመስግኗል።»

«ልክ ሆነችው? ሰውነቱ እንዴት ነው?»

«እንደ እርስዎ ነው።»

«ልጅ የለውም እንዴ?»

«አለው» አለ አጫዋቹ፣ ሳያስበው። «አይረባም እንጂ።»

አባቱ ከንፈራቸውን መጠጡ፤ እህቱም ከማዕድ ቤት ሆና ሰማች። በሚቀጥለው ጊዜ ሲሄድ እህቱ ለእሳቸው የሠራችላቸውን የአንገት ልብስ አጣጥፈው ጠበቁት። «ኮት ብቻ ጉሮሮን አያሞቅም። ስጠው» አሉት። እህቱ ከማዕድ ቤት ወጥታ «አባባ፣ እሱን ለእርስዎ ነው የሠራሁት እኮ» አለች። እሳቸው «እኔ ቤት አለኝ» አሉ። የእሷን ሹራብ ደርበው ተቀምጠው ነበር፤ እጅጌው አጥሯቸው የእጃቸው አንጓ ወጥቶ ይታያል። አጫዋቹ ይህን አይቷል። አይቶም የአንገት ልብሱን ወሰደና ለሽማግሌው አጠለቀለት። እንግዶቹ እሱንም ወደዱት።

ባለትዳር ነው፣ ሚስቱ ነገሩን ታውቃለች። «አንድ ቀን ያውቁብሃል» ስትለው «ዓይናቸው አያይ፣ መርከብ አይሳፈሩ፣ በምን ያውቃሉ?» ይላት ነበር። ሥራ አስኪያጇ ሠራተኞች ቤተሰባቸውን እንዲጋብዙ በዓመት አንድ ምሽት ትፈቅድላቸዋለች፤ እሱ «አባቴን መርከብ ያጥወለውላቸዋል» እያለ ያልፋል። እሳቸው መርከብ ተሳፍረው አያውቁም፤ ያጥወለውላቸው አያጥወለውላቸው ማን ያውቃል።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ የክሊኒኩ ሠራተኞች የባልደረባቸውን ዝውውር ምክንያት አድርገው መርከቧ ላይ እራት ሊበሉ ተስማሙ። እህቱ አባቷን ይዛ መጣች። ለወንድሟ አልነገረችውም፤ ደስ ልታሰኘው ነዋ። መሰላሉን ስትወጣም ዓይኗ የአባቷ እርምጃ ላይ ስለነበር ፖስተሩን ልብ አላለችውም።

አጫዋቹ ልብስ የሚቀይረው ሳህን ከሚታጠብበት ክፍል ጎን ባለች ጠባብ ሥርቻ ነው። በመጋረጃው ቀዳዳ አዳራሹን ሲያይ መድረኩ አጠገብ ያለው ጠረጴዛ ላይ አባቱ ተቀምጠዋል። ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ በላዩ ያንኑ የሴት ሹራብ ደርበው፣ የጠረጴዛውን ጨርቅ ጠርዝ በጣታቸው ይከተላሉ።

ሮጦ ኪቦርድ ተጫዋቹን ያዘው። «ዛሬ ሽማግሌው አይወጣም።»

«አበድክ? ሰዉ የመጣው ለእሱ ነው።»

«ጉሮሮዬን አሞኛል።»

ሥራ አስኪያጇ ከኋላው ሰምታ «ሽማግሌ ጉሮሮውን ቢታመም ያምርበታል። ግባና ልበስ» አለችው። እውነቱን ቢነግራት ትተወው ነበር፤ ሴትየዋ ጨካኝ አልነበረችም። ግን ምን ብሎ ይንገራት? ያ ሽማግሌ አባቴ ናቸው፣ ኮታቸውንም በውሸት ወስጄባቸው ነው ይበላት?

መጀመሪያ እንደራሱ ሆኖ ወደ ጠረጴዛቸው ሄደ። አሁን እነግራቸዋለሁ፣ በጆሯቸው ጠጋ ብዬ እነግራቸዋለሁ እያለ ነበር የሄደው። እህቱ አቀፈችው። ባልደረቦቿ «ወንድምሽ እሱ ነው? ፖስተሩ ላይ ያለው?» እያሉ ተሳሳቁ። አባቱ እጃቸውን ዘረጉና የሸሚዙን ኮሌታ ያዙ።

«የመኪና ስፌት ነው» አሉ። «ቀኑን ሙሉ ለጎረቤት ሳወራ ነው የዋልኩት። ልጄ ሰው ያስቃል እያልኩ። የደከመውን ሰው ማሳቅ ቀላል ሥራ አይደለም።»

«አባባ…» አለ አጫዋቹ።

«ያ ሰውዬ እዚህ ቅርብ ነው አይደል? ወደቡ ጋ? ስንወርድ ብታገናኘኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

አፉ ድረስ የመጣውን ዋጠው። «እናያለን አባባ» ብሎ ዞረ።

ሽማግሌው ወጣ። በመጀመሪያ እንደ እንጨት ደርቆ ነበር። ከመድረኩ አልወርድም ብሎ ስለ ሾርባው፣ ስለ ንፋሱ ቀለደ። ማንም አልሳቀም። ማንኪያ ብቻ ይንኳኳል። ሥራ አስኪያጇ በሩ ጋ ቆማ በእጇ ውረድ፣ ውረድ ትለዋለች። አንገቱን አሰገገ። እጁን አንቀጠቀጠ። በአፉ ጥግ መናገር ጀመረ። አንድ ሰው ሳቀ፣ ሌላው ተከተለ። ከዚያ ወዲያ ለመናገር የሚከብድ ነገር ሆነ። እዚያው ፊቱ አባቱን እያየ ከወትሮው አስበልጦ ተጫወተው። ትከሻቸውን ያያል፣ ትከሻውን ይጥላል። አገጫቸውን ያያል፣ አገጩን ያወጣል። ደስ አለው። አዎ፣ ለአፍታ ደስ አለው፤ ያን ያህል የተዋጣለት ምሽት ኖሮት አያውቅም። እስከ ዛሬ ከሁሉም በላይ የሚያቃጥለው ይኼ ነው።

አባቱም ይስቁ ነበር። የሚያዩት ጥላ ነው፤ ድምፁንም የሽማግሌ ድምፅ ብለው ነው የሰሙት። የገዛ ድምፁን ከውጭ የሚያውቀው ማን ነው? እህቱ ግን አልሳቀችም። ማንኪያዋን አስቀምጣ ኮቷን ታያለች፣ የሠራችውን የአንገት ልብስ ታያለች፣ አባቷን ታያለች።

ሽማግሌው በየጠረጴዛው እየዞረ የእንግዶቹን ልብስ ይዳስስ ገባ። የአባቱን ጠረጴዛ ዘለለው። ከወዲያ ማዶ ግን አንድ ፊቱ በፀሐይ የተላጠ እንግዳ ብድግ አለና «እዚያ ጋ እውነተኛ ሽማግሌ አለላችሁ። አገናኙዋቸው» አለ። ሰዉ በጭብጨባ ተቀበለው። አጫዋቹ በእጁ አይሆንም እያለ ወደ ኋላ ሲል፣ ኪቦርድ ተጫዋቹ ነገሩ ያማረ መስሎት የሽማግሌውን መራመጃ ዜማ አነሣ። ዜማው ደግሞ ወዴት እንደሚወስደው ግልጽ ነበር። ሄደ። አባቱ ፊት ቆመ።

አባቱ ሰው አጠገባቸው መቆሙን ሲያውቁ እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ዘረጉና ኮሌታውን ያዙ። እየተንቀጠቀጡ ዳሰሱት።

መርከቧ በሳቅ ልትሰጥም ደረሰች። እውነተኛው ሽማግሌ አስመሳዩን ሽማግሌ የሚያስመስል መስሏቸዋል። ሰዉ ጠረጴዛ ይደበድባል፣ ዕንባውን ይጠርጋል፣ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። ሁሉ የሳቀው በሁለቱ ላይ ነው፤ አንደኛው ግን እንደሚሳቅበት አያውቅም። አጫዋቹ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አለ። መሬት ደግሞ በቅርብ አልነበረችም።

የአባቱ ጣቶች ከኮሌታው ወደ ትከሻው ስፌት ሄዱ። ከትከሻው ወደ እጅጌው ወረዱ። የእጅጌውን ጫፍ ገለበጡና ያንን በእጅ የተሰፋውን አገኙት። እዚያ ላይ ቆሙ። ከዚያ ትንሽ ወረድ አሉና እጁን፣ የልጃቸውን እጅ፣ ያዙ። ፊታቸው ላይ የነበረው ሳቅ ቀስ ብሎ ሄደ።

አባቱ ቀና አሉና ሰው ሁሉ እንዲሰማ ጮክ ብለው «ኮቷ ልክዎ ሆነች ወንድሜ?» አሉ።

አዳራሹ እንደገና ሳቀ።

«ልጄ ነው የሰጠዎት። ደግ ልጅ ነው።»

አጫዋቹ ያገኘው ድምፅ ያው የአባቱ ድምፅ ነበር፤ በእሱ መለሰላቸው። «ልክ ናት። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ጉሮሮዎን ይዝጉት። ንፋስ አለ» አሉና የላይኛውን ቁልፍ ሊቆልፉለት ጀመሩ። እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፏ ከቀዳዳዋ እየሸሸች አስቸገረቻቸው። የሰዉ ሳቅ ቀነሰ፤ አንዳንዱ ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። ቁልፏ ስትገባ ትከሻውን መታ መታ አደረጉለት። ኪቦርድ ተጫዋቹ ፈጠን ያለ ዘፈን ጀመረና ምሽቱ ቀጠለ።

ወደቡ ላይ ሲወርዱ አጫዋቹ ኮቷን አውልቆ፣ ፊቱን ታጥቦ መሰላሉ ሥር ጠበቃቸው። እህቱ አባቷን ደግፋ አለፈችው። ዓይኑን አላየችውም። «ሰውየው ደህና ሰው ነው ወንድም ጋሼ» አለችው፤ «ልጁ ግን እውነትህን ነው፣ አይረባም።» አባቱ «እራቱ ጥሩ ነበር። ደክሞሃል፣ ሂድ ተኛ» አሉት። ምንም ያወቁ አይመስሉም። የልጃቸውን ደግነት ሰው ፊት የመሰከሩ ምስኪን አባት ነው የሚመስሉት። አጫዋቹ መጀመሪያ ተነፈሰ፤ ወዲያው ደግሞ መተንፈሱ ራሱ አሳፈረው።

በማግስቱ ጠዋት ኮቷንና የአንገት ልብሱን በፌስታል ይዞ ሄደ። በሩን የከፈተችለት እህቱ ናት፤ ከፍታለት ምንም ሳትል ወደ ውስጥ ተመለሰች። አባቱ መስኮቱ ጋ ተቀምጠዋል። ስፌት መኪናው አጠገባቸው ጨርቅ ለብሶ ቆሟል። ጠዋቱ ይበርዳል፤ እጃቸውን ሹራቡ ውስጥ ከትተዋል።

አጫዋቹ ለመቀመጥ እንኳ አፈረ። እንደቆመ «አባባ፣ ያ ሰውዬ የለም» አለ። «ወደቡ ላይ ሽማግሌ የለም። ትናንት ማታ ያነጋገሩት እኔን ነው። የምጫወተውም እርስዎን ነው።»

«አውቃለሁ» አሉ አባቱ።

«መቼ አወቁ?»

«እጅህን ያዝኩት እኮ። ይኼን እጅ ስንት ጊዜ መርፌ አስይዤው እምቢ ብሎኛል። አላውቀውም?»

አጫዋቹ «ታዲያ ለምን ዝም አሉ? ለምን አንቱ እያሉ ደግ ልጅ ነው አሉ? ማይኩን ነጥቀው ለምን ልክ አላስገቡኝም?» አለ።

አባቱ ጥያቄው ግራ ያጋባቸው ይመስል ፊታቸውን ወደ ድምፁ መለሱ።

«ሰው ፊት?» አሉ።

አጫዋቹ እዚያች የጨርቅ ቁርጥራጭ ላይ ተኝቶ ባደገባት ክፍል መሐል ቆሞ ኩምሽሽ አለ። እሱ ሰው ፊት ያደረገው ሁሉ፣ ምሽት በምሽት፣ በአንድ ጊዜ ፊቱ ተደረደረ። አባቱ ለአንድ ምሽት እንኳ ልጃቸውን ያላደረጉትን እሱ እንጀራው አድርጎት ኖሯል። አለቀሰ። አባቱ አልከለከሉትም።

ቆየት ብለው «እውነት እንደዚያ ነው የምናገረው? በአፌ ጥግ?» አሉት።

«አዎ አባባ።»

«ስፒሎቹ ናቸው» አሉ። «ካቆምኩ በኋላም ያሉ ይመስለኛል።» ቀጥለውም «አምጥተሃታል?» አሉ።

ኮቷን ከፌስታሉ አወጣት። የመድረክ ፓውደርና የዓሣ ጥብስ ትሸታለች። አባቱ ተቀበሉና እንደ ድሮው ከኮሌታው ጀምረው ዳሰሷት፤ ጠመኔ የምትገባባትን ኪስ ከፍተው በጣታቸው አዩ። ከዚያ የሴት ልጃቸውን ሹራብ ለማውለቅ መታገል ያዙ። አጫዋቹ አገዛቸው፤ እጅጌውን ሳበላቸው፣ ኮቷን ከኋላ ያዘላቸው። ትከሻቸው ኮቷ ውስጥ ገብቶ ልክ ቦታው ላይ አረፈ። የአንገት ልብሱን አዞረላቸውና የላይኛውን ቁልፍ ሊቆልፍ ጎንበስ አለ። የእሱም እጅ ተንቀጠቀጠ፤ ይኼኛው ግን ማስመሰል አልነበረም።

«ለተቸገረ ሰው መስሎኝ ነው እንጂ» አሉ አባቱ ቀስ ብለው፣ ቅሬታ በሌለው ድምፅ፣ «ጠዋት ጠዋት ይበርደኝ ነበር እኮ።»